በሩን ዘግቶ መሞቅ፦ በሮማ ቤቶች ሙቀት በየክፍሉ የሚለካበት ስሌት

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል የተነገረው ለደጋው ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖረው የአዲስ አበባ ሰው የጥቅምት ውርጭ መድኃኒቱ ትኩስ መረቅ፣ ወፍራም ጋቢና ቤተሰቡ ዙሪያውን የሚሰበሰብበት ምድጃ ነበር። በሮማ ጥቅምት የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 22 አካባቢ፣ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር 1 ቀን፣ በከተማዋ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ምድር ቤት የተቀመጡት ቦይለሮች ይለኮሳሉ፤ ፍል ውኃው በቧንቧዎች ሽቅብ ይወጣል፤ ወራት በድን ሆነው የከረሙት የብረት ራዲያተሮችም ቀጭ ቀጭ እያሉ መሞቅ ይጀምራሉ።

ቀኑን የሚቆርጠው ሕግ ነው። ጣሊያን እ.አ.አ. በ1993 ባወጣችው ድንጋጌ ቁጥር 412 አገሪቱን ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» በተሰየሙ ስድስት የአየር ንብረት ዞኖች ከፍላታለች። መለኪያው «ዲግሪ ቀን» ይባላል፤ በማሞቂያው ወቅት የየዕለቱ የውጭ አማካይ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ምን ያህል እንደሚያንስ እየተደመረ የሚገኝ ቁጥር ነው። የሮማ ድምር 1 ሺህ 415 ነው። የ«ዲ» ዞን የሚጀምረው ከ1 ሺህ 400 በላይ ስለሆነ ሮማ ወደዚህ ዞን የገባችው ለጥቂት ነው፤ 15 ቢጎድላት ኖሮ ነዋሪዎቿ ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 31 ብቻ፣ ያውም በቀን ለ10 ሰዓት፣ እንዲሞቁ ይፈቀድላቸው ነበር። አሁን በቀን 12 ሰዓት፣ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ መሞቅ ይችላሉ። ሜዲትራኒያንን በሚሻገሩ ስደተኞች ዘንድ ስሟ የሚታወቀው የላምፔዱዛ ደሴት የ«ኤ» ዞን ናት፤ ለእርሷ የተፈቀደላት በቀን 6 ሰዓት ነው።

አገር በዞን ከተከፈለ ቤትም ሊከፈል ይችላል። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሌለበትን ክፍል ለምን እናሞቃለን? ሳሎኑ 20 ዲግሪ፣ መኝታ ቤቱ 18፣ እንግዳ ካልመጣ የማይከፈተው ክፍል ደግሞ 16 ዲግሪ ቢሆን ነዳጅም ገንዘብም ይተርፋል። አፈጻጸሙ ግን እንደ ሐሳቡ አይቀልም። ሙቀቱን የሚያመጣው ቧንቧ፣ ክፍሉን ከክፍል የሚለየው ግድግዳና ሂሳቡን የሚያወጣው ቆጣሪ፣ ሦስቱም እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ሊያውቁት ይገባል። አንዱ ሲጎድል ተቆጠበ የተባለው ሙቀት ወይ ለጎረቤት ሲሳይ ይሆናል፣ ወይ ክፍሉን ያሻግታል፣ ወይም የቤቱን ደካማ ሰው ለብርድ ይዳርጋል።

ጉዳዩ በሮማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሩቅ ሳይንስ አይደለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ከተማዋ ከገቡት መካከል በርካታ ሴቶች በቤት ሠራተኝነትና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ተሠማርተዋል፤ ብዙዎቹም በሚሠሩበት ቤት ያድራሉ። ጠዋት ተነሥታ የራዲያተሩን ቫልቭ የምታዞረው ተንከባካቢዋ ናት፤ የሚሞቁት አዛውንቱ ናቸው፤ ሂሳቡ የሚከፈለው ከጡረታቸው ነው። በቫልቩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የሥራዋ አንድ ክፍል ሆኗል ማለት ይቻላል።

የካራካላ ሦስት ክፍሎች

ሮማ ሕንፃን በሙቀት መከፋፈል የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ቆሞበት ከነበረው የፖርታ ካፔና አደባባይ ጥቂት መቶ ሜትሮች እልፍ ሲሉ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ216 የተመረቀው የንጉሠ ነገሥት ካራካላ የሕዝብ መታጠቢያ ፍርስራሽ ይገኛል። መታጠቢያው እንደ ሙቀታቸው የተደረደሩ ክፍሎች ነበሩት። ፍሪጊዳሪየም ቀዝቃዛው፣ ቴፒዳሪየም ለብ ያለው፣ ካልዳሪየም ትኩሱ ነው። ትኩሱ ክፍል የከሰዓት በኋላዋን ፀሐይ እንዲቀበል ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣ ብሎ ተሠራ። ወለሉ በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ ከምድጃው የሚነሣው ትኩስ አየር በሥሩ ይተላለፍና በግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ ባዶ ሸክላዎች ሽቅብ ይወጣል።

ከሦስቱ እጅግ ብልህ የሆነው መካከለኛው ክፍል ነው። ለብ ያለው ክፍል ትኩሱን ከቀዝቃዛው ይለያል፤ ከትኩሱ ያፈተለከው ሙቀት መጀመሪያ እርሱ ዘንድ ያርፋል። የዘመኑ መሐንዲስ በሁለት ዞኖች መካከል ኮሪደር ወይም የዕቃ ክፍል ሲያስገባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከካራካላ ሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቀድሞ የኖረው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስም የክረምት መመገቢያ ክፍል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የበጋው ወደ ሰሜን፣ መኝታ ቤትና ቤተ መጻሕፍት ወደ ምሥራቅ እንዲዞሩ መክሯል። በዚያ ስሌት ክፍሉ ባለበት ይቆያል፤ ከወቅቱ ጋር የሚዛወረው ሰው ነው። ታናሹ ፕሊኒ ደግሞ ከሮማ 17 የሮማ ማይል ርቆ በባሕሩ ዳር ስለነበረው ቤቱ ሲጽፍ፣ ከመኝታ ክፍሉ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ የማሞቂያ ክፍል እንደነበረች ገልጿል። በጠባብ ቀዳዳዋ አማካይነት ሙቀቱ እንደ አስፈላጊነቱ ይለቀቃል ወይም ይታገዳል። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ የዚያች ቀዳዳ ሥራ በእጅ መዳፍ ለሚያዝ የፕላስቲክ ጉልላት ተሰጥቷል።

በቫልቩ ውስጥ ያለው ሰም

የሮማ ቤቶች በማሞቂያ ረገድ ሁለት ወገን ናቸው። «አውቶኖሞ» የሚባለው ቤት የራሱ ቦይለር አለው። «ቼንትራሊዛቶ» የሚባለው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም እንደምንለው ባለ የጋራ ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ከአንድ ትልቅ ቦይለር ይጋራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት አብዛኞቹ የጋራ ሕንፃዎች የሙቅ ውኃ ቧንቧቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። አንዱ ቧንቧ ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሳሎኖች ሁሉ ያሞቃል፤ ሌላው መኝታ ቤቶቹን፣ ሌላው ወጥ ቤቶቹን ያዳርሳል። ስለዚህ በአንድ ቤት በር ላይ አንድ ቧንቧ ዘግቶ የዚያን ቤት ሙቀት መቆጣጠር አይቻልም፤ ቤቱ አራት ራዲያተር ካለው አራት የተለያየ መግቢያ ሊኖረው ይችላል።

ሂሳቡም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ ክፍልን የማያውቅ ነበር። ወጪው የሚከፋፈለው «ሚሌዚሚ» በሚባለው፣ እያንዳንዱ ቤት ከሕንፃው ከአንድ ሺህ እጅ ስንት እጅ እንደሚይዝ በሚያሳየው ድርሻ ነበር። መስኮቱን ከፍቶ የሚውለውም ሹራብ ደርቦ የሚቆጥበውም፣ ቤታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ፣ እኩል ይከፍላሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት መቆጠብ የዋህነት ቢመስል አያስገርምም።

ይህን የቀየረው እ.አ.አ. የ2012 የአውሮፓ ኅብረት የኢነርጂ ቁጠባ መመሪያና እርሱን ተከትሎ የወጣው የ2014ቱ የጣሊያን ሕግ ቁጥር 102 ነው። ማዕከላዊ ማሞቂያ ያላቸው ሕንፃዎች በየራዲያተሩ ላይ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቫልቭና የሙቀት ቆጣሪ እንዲያስገቡ እስከ 2016 መጨረሻ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ቀኑም እስከ ጁን 30 ቀን 2017 ተራዘመ። ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ቤት ከ500 እስከ 2 ሺህ 500 ዩሮ ነው።

ቫልቩ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። በጉልላቱ ውስጥ ሰም ወይም ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ዕቃ አለ። ክፍሉ ሲሞቅ ሰሙ ያብጥና አንዲት የብረት ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጓም ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ውኃ ታጠብባለች። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይኮማተራል፣ መንገዱም ይከፈታል። በጉልላቱ ላይ ከ1 እስከ 5 የተጻፉት ቁጥሮች የክፍሉን ሙቀት ያዝዛሉ፤ 3 ቁጥር በአብዛኛው ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል፣ 2 ቁጥር ደግሞ ወደ 16 ወይም 17።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሥራ በርዶት የገባ ሰው «ቶሎ እንዲሞቅ» ብሎ ቫልቩን እስከ 5 ያዞረዋል። ቫልቩ እንደ መኪና ነዳጅ መርገጫ አይደለም፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ 3 ላይም ሆነ 5 ላይ ያው በሰፊው ይከፈታል፤ ወደ 20 ዲግሪ የሚደርሰውም በተቀራራቢ ጊዜ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በኋላ ነው፤ 5 ላይ የተተወው ክፍል 20ን አልፎ መሞቁን ይቀጥላል፣ ሰውየውም መስኮት ይከፍታል። ሌላው ስሕተት መጋረጃን በራዲያተሩ ላይ ማንጠልጠል ወይም ሶፋ ማስጠጋት ነው። ሙቀቱ ከመጋረጃው ጀርባ ይታፈንና ሰሙ ክፍሉ የሞቀ ይመስለዋል፤ ሳሎኑ 17 ዲግሪ ሳለ ቫልቩ ተዘግቶ ይቀመጣል።

በራዲያተሩ ሆድ ላይ የተለጠፈው፣ ጣሊያኖች «ሪፓርቲቶሬ» የሚሉት ትንሽ ሣጥን ደግሞ ውኃውን አይነካም። የራዲያተሩን ገጽ ሙቀት እያነበበ ነጥብ ይቆጥራል። ነጥቡ ኪሎዋት ሰዓት አይደለም፤ የሕንፃው ጠቅላላ ወጪ ለሁሉም ነጥቦች ሲካፈል የሚገኝ ድርሻ ነው። ስለዚህ የአንድ ነጥብ ዋጋ ከሕንፃ ሕንፃ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል።

አንድ ዲግሪ ስንት ነው?

«ኤኔያ» በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የጣሊያን ብሔራዊ የኢነርጂ ምርምር ተቋም ለቤተሰቦች በሚሰጠው ምክር፣ የቤት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲቀነስ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ነዳጅ ይተርፋል ይላል። ምክንያቱን በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። ከቤት የሚያመልጠው ሙቀት በውስጥና በውጭ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። ሮማ በጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ 8 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቤቱ 20 ከሆነ ልዩነቱ 12 ነው። አንድ ዲግሪ ስንቀንስ ከዐሥራ ሁለት አንድ እጅ፣ ማለትም 8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ውጭው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ በሆነበት የሰሜን ከተማ ልዩነቱ 24 ስለሆነ ያችው አንድ ዲግሪ የምታድነው 4 በመቶ ብቻ ነው። ብርዱ ለስለስ ባለበት አገር እያንዳንዱ ዲግሪ የሚኖረው ድርሻ ይበልጣል፤ የስቶክሆልም ሰው በሮማው ቁጠባ ሊቀና ይገባዋል።

አንዱን ክፍል ፈጽሞ መዝጋትስ? ለምሳሌ ያህል በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያለች አንዲት መኝታ ቤት እንውሰድ። በውጭ ግድግዳዋ፣ ባለ አንድ መስታወት መስኮቷና በስንጥቆቿ በኩል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 28 ዋት ታጣለች እንበል። በ20 ዲግሪ ለማቆየት፣ ውጭው 8 ከሆነ፣ 336 ዋት ያስፈልጋታል። ቫልቩ ሲዘጋ ይህ ሁሉ የሚተርፍ ይመስላል። ነገር ግን ከሳሎኑ የሚለያት ግድግዳ ቀጭን የሸክላ ብሎኬት ስለሆነ ከሳሎኑ ሙቀት እየጠባች 13 ዲግሪ ተኩል ላይ ትረጋለች፤ አሁንም ወደ ውጭ 154 ዋት ታፈስሳለች፤ ያንን የሚሸፍነው የሳሎኑ ራዲያተር ነው። የተቆጠበው ከታሰበው ግማሹን ጥቂት ያልፋል። በሩ ገርበብ ብሎ ከተተወ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ያለ የሳሎን አየር 12.6 ዲግሪ የሆነ ግድግዳ ሲነካ በግድግዳው ገጽ ላይ ያለው እርጥበት 80 በመቶ ይደርሳል። ሻጋታ ውኃ እስኪንጠባጠብ አይጠብቅም፤ ይህ ይበቃዋል። በ13 ዲግሪ ተኩል ክፍል ውስጥ የውጭው ግድግዳ ማዕዘን ከዚያ በታች መውረዱ አይቀርም። በሩ ሲከፈት የወጥ ቤት እንፋሎት ይገባል፤ በመጋቢት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ስለዚህ የማይኖርበትን ክፍል ከማጥፋት ወደ 16 ዲግሪ አውርዶ በሩን ገጥሞ መዝጋት ይሻላል።

ሰው ለሚኖርበት ክፍል ግን ሌላ ወለል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና ጤና መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል፤ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናትና ለሕሙማን ከዚያም ከፍ ሊል ይገባል። ይህ ቁጥር በቤቱ ለሚያድሩት ሁሉ ነው። ቁጠባ የሚያስብ ቤተሰብ የአዛውንቷን ክፍል 21 ላይ ትቶ «ትርፍ» የሚለውን ክፍል ሲያጠፋ፣ ያ ክፍል ተንከባካቢዋ የምታድርበት ሊሆን ይችላል። የጣሊያን የቤት ሠራተኞች የጋራ የሥራ ውል አሠሪው በቤቱ ለሚያድር ሠራተኛ ክብሩንና ገመናውን የሚጠብቅ ተስማሚ ማደሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። 14 ዲግሪ ክፍል ተስማሚ ማደሪያ ነው ብሎ መከራከር የሚከብድ ይመስላል።

በአንጻሩ ሙቀቱ በጎደለበት ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሮማ፣ ከብርዱ የከፋ አደጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ለቡና የተቀጣጠለ ፍም እንኳ አየር በማያሾልክ አዲስ መስኮት በታሸገ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ያን ጋዝ ያጠራቅማል፤ የቀድሞው የሣር ክዳን ቤት ጭሱን በክዳኑ ያስወጣ ነበር፣ የዛሬው አፓርታማ ግን አያስወጣም።

የጎረቤት ሙቀት

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው የሌላ ሰው ነው። በሦስተኛ ፎቅ ያለ ነዋሪ ቫልቮቹን ሁሉ ቢዘጋ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ፎቅ ሙቀት ይሠርጽለታል፤ ሌባ ባይባልም ባለዕዳ ነው። በሌላ በኩል ከጣሪያው ሥር ያለው ነዋሪ ሰማይን የሚያሞቅ ያህል ይከፍላል። ቧንቧዎቹ ራሳቸው በግድግዳው ውስጥ ሲያልፉ ማንም ሳያዝዛቸው ሙቀት ይለቃሉ።

ሕጉ ይህን በሁለት ከፍሎ ነው የፈታው። ከወጪው አንዱ ክፍል በሪፓርቲቶሬው ነጥብ ይታሰባል፤ ቀሪው እንደ ቋሚ ድርሻ ለሁሉም ይከፋፈላል። በ2020 የተሻሻለው ድንጋጌ በነጥብ የሚከፈለው ቢያንስ 50 በመቶ እንዲሆን ይላል። ክረምቱን ኢትዮጵያ ከርሞ የተመለሰ ነዋሪ ነጥቡ ዜሮ ሆኖ ሳለ ሂሳብ ሲመጣበት ተታለልሁ ብሎ የሚቆጣው ይህን ባለማወቁ ነው። ቁጣው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም ለማለትም ያስቸግራል። ቋሚው ድርሻ በበዛ ቁጥር የመቆጠብ ፍላጎት ይሞታል፤ ባነሰ ቁጥር ደግሞ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ሕንፃው በደንብ ባለመሸፈኑ ምክንያት ይቀጣል። ጣሊያን ስለ ሕንፃ ሙቀት የመጀመሪያ ሕጓን ያወጣችው በ1976 ነው፤ በሮማ ዙሪያ የተዘረጉት ብዙዎቹ የጋራ ሕንፃዎች ከዚያ በፊት፣ ነዳጅ ርካሽ በነበረበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። ቫልቭ ግድግዳን አይተካም።

ጉዳዩ ከኪስ አልፎ የአገር ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ ነበር። ጣሊያን በ2021 ከውጭ ካስገባችው የተፈጥሮ ጋዝ 40 በመቶ ገደማ ከሩሲያ የመጣ ነበር። በዩክሬን ጦርነት በተነሣበት በ2022 የጸደይ ወራት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪዮ ድራጊ ለጋዜጠኞች ሰላም ወይስ የበራ አየር ማቀዝቀዣ ነው የምንመርጠው ሲሉ ጠየቁ፤ የሕዝብ መሥሪያ ቤቶችም ከ25 ዲግሪ በታች እንዳይቀዘቅዙ ታዘዘ። በተከታዩ ክረምት የሮማ ማሞቂያ ከኖቬምበር 8 እስከ ኤፕሪል 7 ብቻ፣ በቀን ለ11 ሰዓት እንዲበራ፣ የቤት ሙቀትም ከ20 ወደ 19 እንዲወርድ ተደነገገ።

ለሌላው አገር የማይሠራ ብልሃት

በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ተመልካች ይህን ሰምቶ በወለሉ ላይ ያለውን የአየር መውጫ ቢዘጋ ከሮማው ነዋሪ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሠራ ይመስለዋል። አልሠራም። የሰሜን አሜሪካ ቤቶች በአብዛኛው የሚሞቁት ማራገቢያ በሰፋፊ ቱቦዎች በሚገፋው አየር ነው። አንድ መውጫ ሲዘጋ ማራገቢያው መግፋቱን አይተውም፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ አየሩም በመገጣጠሚያዎቹ ስንጥቅ በኩል ወደ ጣሪያ ሥር ወይም ወደ ወለል ሥር ያመልጣል። በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2003 ያሳተመው ጥናት መውጫዎችን መዝጋት የኢነርጂ ፍጆታን ከመቀነስ ይልቅ እንደሚያባብስ አሳይቷል። እንዲህ ላለው ቤት ዞን ማለት በቱቦዎቹ ውስጥ በሞተር የሚዘጉ በሮችና በየዞኑ የተለየ ቴርሞስታት ማለት ነው፤ ያም ከመጀመሪያው ታስቦ ሲሠራ ይሻላል።

የሙቀት ፓምፕ ባስገቡ ቤቶችም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓምፑ የሚቆጥበው ለብ ያለ ውኃ በብዙ ራዲያተር ወይም በሰፊ ወለል ለረጅም ሰዓት ሲያዘዋውር ነው። ግማሹ ቤት ተዘግቶ ቀሪው ግማሽ እንዲሞቅ ውኃው ይበልጥ እንዲፈላ ከተደረገ ፓምፑ ከእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ዞን መፍጠር ጉዳት ሊሆን ይችላል።

በሩን ዘግቶ መቀዝቀዝ

በጋው ሲመጣ ስሌቱ ይገለበጣል። በ2003 አውሮፓን ባቃጠለው የሙቀት ማዕበል ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ወደ 20 ሺህ የሚሆኑት በጣሊያን ነበሩ፤ አብዛኞቹም አረጋውያን ናቸው። ለእነርሱ አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል የምቾት ጉዳይ ሆና አትታይም።

አየር ማቀዝቀዣው ከራዲያተሩ የተለየ ጠባይ አለው። ሮማውያን በየግድግዳው የሚሰቅሉት ስፕሊት ከአፈጣጠሩ የአንድ ክፍል መሣሪያ ነው፤ ዞንነቱ አብሮት የተወለደ ነው። የሚያበላሸው ሰው ነው። አንድ ትልቅ መሣሪያ በኮሪደሩ ላይ ሰቅሎ በሮቹን ሁሉ መክፈትና ቤቱ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ዋጋ ቢስ መሆኑን ኤኔያ በግልጽ ይናገራል፤ ውጤቱ በኮሪደሩ ያለፈ ሰው ሁሉ ብርድ መመታቱ ነው። ተቋሙ ከውጩ ሙቀት ሁለት ሦስት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ይበቃል ይላል። እርጥበቱ ሲቀንስ ብቻ እንኳ ሰውነት እፎይ ይላልና።

በጣሊያን ዞን መፍጠርን የሚያስገድድ ሌላም ነገር አለ። የተለመደው የቤት የኤሌክትሪክ ውል 3 ኪሎዋት ነው። ማቀዝቀዣ፣ ፉርኖና ልብስ ማጠቢያ በአንድ ጊዜ ሲበሩ ቆጣሪው መብራቱን ያጠፋል። በአዲስ አበባ የተለመደው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን ይህን ልክ ያልፋል፤ በሮማ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ሌላው ሁሉ ጠፍቶ የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዝ የማይሞከር ነው። ቀን ላይ ሳሎኑ፣ ማታ መኝታ ቤቱ እየተፈራረቁ ይቀዘቅዛሉ፤ ሰውም ከነመጽሐፉ ይዛወራል፣ ቪትሩቪየስ እንደመከረው።

ከማሽኑ በፊት ግን የሮማ አሮጌ የእንጨት መስኮት መዝጊያዎች አሉ። ፀሐይ ሳትበረታ ይዘጋሉ፤ ቤቱ በጨለማ ይውላል። ወደ ማምሻው ከባሕር የሚነፍሰው፣ ሮማውያን «ፖነንቲኖ» የሚሉት የምዕራብ ነፋስ ሲመጣ በሁለቱም ወገን ይከፈታሉ። ወፍራም ግድግዳ ባለው የመሐል ከተማ ቤት ይህ ብቻ ለብዙ ቀናት ይበቃል። በስስ ግድግዳ የተሠራ የዳርቻ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀን የዋጠውን ሲተፋ ያድራል፤ እዚያ አንድ ክፍል መርጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ አዛውንቱን በዚያ ማስተኛት ያስፈልጋል።

ራዲያተሮቹም በበጋ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ኤፕሪል 15 ቦይለሩ ሲጠፋ ብዙ ሰው ቫልቮቹን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋቸዋል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፤ እስከ 5 ተከፍተው መተው አለባቸው። ተዘግቶ ስድስት ወር የከረመ ቫልቭ በውስጡ ያለችው ዘንግ ትጣበቃለች፤ በኖቬምበር ቦይለሩ ተለኩሶ፣ ሕንፃው ሁሉ ሞቆ፣ አንዲት መኝታ ቤት ብቻ ቀዝቅዛ ትቀራለች።